ባንኮኒ ስር ያለው ሽጉጥ፦ ለድሬዳዋ ፖሊስና ለነጋዴዎቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ፖሊስ ኮሚሽን፣ ለአስተዳደሩ ንግድ ቢሮ፣ እንዲሁም ከመጋላ እስከ ሳቢያን ሱቅ ከፍታችሁ ሠራተኛ ለምታሠሩ ነጋዴዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሱቅ ሠራተኞች ራሳቸውን ለመከላከል መሣሪያ ይያዙ የሚለውን ሐሳብ ይመለከታል

የአንድ ሱቅ መዘረፍ በተወራ ቁጥር «ልጆቹ መሣሪያ ይያዙ እንጂ!» የሚል አይጠፋም። ወርቅ ቤቶች፣ ሞባይል ቤቶች፣ ማታ የሚሠሩ ፋርማሲዎችና የጫት ጅምላ ሻጮች ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ጥያቄ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ጥበቃ በማሠልጠን፣ መሣሪያ በመጠገንና የንግድ ቤት ደኅንነት በማደራጀት የምንተዳደር ሰዎች ነን። አቋማችንን አናድበሰብስም፦ ዕቃ የሚሸጥ ሰው መሣሪያ መታጠቅ የለበትም። የግድ ካስፈለገም ከጥበቃ በቀር ሌላ ሥራ በሌለው፣ ፈቃድና ሥልጠና ባለው ሰው እጅ ይሁን፤ እሱም ቢሆን ከዚህ በታች በምንጽፈው አያያዝ። ፍርሃታችሁን አናናንቅም። የባለ 200 ብር ኖት አንድ እስር 20,000 ብር ነው፤ በአንድ እጅ ተይዞ ኪስ ይገባል። ይህን ማታ ማታ እየቆጠረ በር የሚዘጋ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። በባለ ሱቁ ስም የወጣ የግል ፈቃድ ለሻጩ አይሠራም። «መሣሪያው የጋሼ ነው፣ ወረቀት አለው» የሚል መልስ ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም አያስጥልም። በኮንትሮባንድ የገባ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ከሆነማ ልጁ ዘራፊ ሳይመጣበት ተከሳሽ ሆኖ አረፈው።

«ሌባ ነው፣ ይመታል» የሚለውም ከዚያ አይሻልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የሚያውቀው ሕጋዊ መከላከል ጥቃቱ ሕገ ወጥ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆን፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። ስልክ ነጥቆ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚሮጥ ልጅ ጀርባውን ሰጥቷል፤ በሕይወታችሁ ላይ የተቃጣ ነገር የለም። እሱን ከኋላ መምታት መከላከል አይባልም። አንቀጽ 79 ከልክ ላለፈ መከላከል ዳኛው ቅጣት እንዲያቀል፣ ነገሩ በፍርሃት ወይም በድንጋጤ የተፈጸመ ከሆነም ቅጣቱን እስከ መተው እንዲደርስ ይፈቅድለታል። ግን ይህ ሁሉ የሚመጣው ከእስር፣ ከምርመራና ከክርክር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሱቁም ተዘግቷል፣ የሻጩም ቤተሰብ ተበትኗል።

ባለ ሱቁስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2130 ጀምሮ ሠራተኛው በሥራው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርገዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሠራተኛው ራሱ በሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። የገዛ እግሩን የመታ ሻጭም፣ መንገድ ላይ የተመታች የልጆች እናትም ሒሳባቸው የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። መድን ያላችሁ፣ ውላችሁን አውጥታችሁ መሣሪያን የሚመለከተውን መስመር ፈልጉ።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። መጋላ ውስጥ በብዙ ሱቆች ከበሩ እስከ ባንኮኒው ሦስት አራት ሜትር ቢሆን ነው። በአሜሪካ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ የነበረው ዴኒስ ቱለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው ስሌት በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው፦ ስለት የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ለመሮጥ 1.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ የሠለጠነ ፖሊስ ከአፎቱ መዝዞ ለመተኮስ የሚፈጅበትም ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ ይህን ርቀት ለእኛ ሱቅ በግማሽ ቀንሱትና ፖሊሱን በጨርቅ ሻጭ ተኩት። የሻጩ ሁለት እጅ የጨርቅ መለኪያው ላይ ነው። ሽጉጡ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያውን መክፈት፣ መጨበጥ፣ ሴፍቲ መልቀቅ፣ ማቀባበል፣ ማነጣጠር፤ አምስት እንቅስቃሴ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ። መሣሪያ የያዘ ዘራፊ ደግሞ እጃችሁ ወደ መሳቢያ ሲወርድ ካየ ገንዘቡን ትቶ ይተኩሳል፤ ለመዝረፍ የመጣውን ወደ ገዳይነት የምንገፋው እኛው እንሆናለን።

ይህን የተረዱ አንዳንዶች «እንግዲያው ጥይት አጉርሰን እናስቀምጠው» ይላሉ። ይህ የባሰ ነው። ለምሳሌ ቶካሬቭ የሚባለው ሽጉጥ ከነጭራሹ የእጅ ሴፍቲ የለውም፤ ያለው መቺውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ጥርሱ ካለቀ ወይም ሽጉጡ ጥይት እንደጎረሰ በመቺው በኩል ከወደቀ ሊተኩስ ይችላል። ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ ይሻላል፣ 8 ጥይት ይይዛል፣ ሴፍቲውም መቺውን በደኅና ያወርዳል። ግን ሴፍቲው ወደ ላይ ሲነሣ ነው የሚዘጋው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይከፈታል። በሌላ መሣሪያ የለመደ ሰው በጭንቅ ሰዓት ይገለብጠዋል።

ጥይቱ ከወጣ በኋላስ ወዴት ይሄዳል? የማካሮቭ ጥይት በሰከንድ 315 ሜትር፣ የክላሽ ደግሞ 715 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በብዙ ሱቆቻችን መካከል ያለው ግድግዳ ቺፕውድ ወይም ቆርቆሮ ነው፤ ሁለቱም ጥይት አያቆሙም። ብሎኬትም ውስጡ ክፍት ነው፣ ለክላሽ አይታመንም። ከግድግዳው ማዶ ልብስ ሰፊ ተቀምጣለች፤ ከበሩ ማዶ ባጃጅ ቆሟል፣ ቲማቲም የዘረጉ እናቶች አሉ። የብረት መዝጊያና የሲሚንቶ ወለል ላይ በአግድሞሽ ያረፈ ጥይት ደግሞ ነጥሮ ማን ላይ እንደሚያርፍ ማንም አይቆጣጠረውም። ዒላማህን ብቻ ሳይሆን ከዒላማህ ጀርባ ያለውንም እወቅ የሚለውን ደንብ ገበያ ውስጥ ማክበር አይቻልም፤ ከዒላማው ጀርባ ምንጊዜም ሰው አለ።

ድሬ ደግሞ የራሷ ሰዓት አላት። ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሱቅ ይዘጋል፤ ምሳ፣ በርጫ፣ ጥቂት እንቅልፍ፤ ከተማው እንደገና የሚነቃው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በዚህ መሐል ሽጉጡ የት ይውላል? መሳቢያ ውስጥ ከቀረ፣ ቁልፉን የሰበረ ሌባ ያለ ሽጉጥ መጥቶ ባለ ሽጉጥ ሆኖ ይወጣል። ልጁ ይዞት ከሄደ በስስ ሸሚዝ ወይም በሽርጥ ስር አይደበቅም፤ ከዚያም በርጫ ላይ ፍራሽ ስር ይገባል፣ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ «እስቲ ልየው» ይባላል። መሣሪያን በተመለከተ ከዘራፊው ይልቅ የሚያሰጋን ይህ ሦስት ሰዓት ነው።

ሙቀቱና አቧራውም ቀላል ነገር አይደለም። ወገብ ላይ የሚውል ሽጉጥ ላብ ይጠጣል፤ በድሬ ሙቀት ያልተወለወለ ብረት በቀናት ውስጥ ዝገት ያሳያል። ዝገትን የፈራ ደግሞ ዘይት ያፈስበታል፤ ብዙ ዘይት ከአቧራ ጋር ሲቦካ ወፍራም ጭቃ ሆኖ ማቀባበያውን ያዘገያል፣ የጥይት መምቻውን መርፌ ያስራል። ልኩ በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ መወልወልና ጣት ላይ ብዙም የማይታይ ስስ ዘይት መቀባት ነው። የድሮ የሶቭየትና የቻይና ጥይት የተተኮሰበት መሣሪያ ደግሞ በዘይት ብቻ አይጸዳም። የማቀጣጠያው ቅሪት ጨው ስለሆነ እርጥበት ይስባል፤ አፈሙዙ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው። ሻጭ ይህን ሁሉ የሚያደርግበት ጊዜ የት አለው?

ስለ ማራገፍ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንጻፍ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ካዝናውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ ማውጣት፣ ቀጥሎ ማቀባበያውን መሳብ ነው። ይህን የሚገለብጥ ሰው መጀመሪያ ይስባል፣ አንዲት ጥይት ዱብ ስትል ያያል፣ ከዚያ ካዝናውን አውጥቶ «ባዶ ነው» ይላል። ባዶ አይደለም። ማቀባበያው ወደ ኋላ ሲሄድ የነበረችውን አስወጣ፣ ወደ ፊት ሲመለስ ከካዝናው ሌላ አጎረሰ። ሁለተኛዋ ውስጥ ናት፤ ምላጭ ሲሳብ የምትወጣውም እሷ ናት።

ሌላው ወጥመድ ሴፍቲው ነው። ክላሽ ሴፍቲው ተነሥቶ ሳለ ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ ማካሮቭም ሴፍቲው ሲዘጋ የላይኛው ክፍል ይቆለፋል። ስለዚህ ለማራገፍ ሴፍቲ መልቀቅ ግድ ነው፤ መሣሪያው ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋውም ደኅና እናድርገው ብለን በምንነካካበት ሰዓት ነው። ለዚህ ነው መሣሪያ የሚረካከቡበት ቦታ ሁሉ የአሸዋ በርሜል ሊኖረው የሚገባው። 200 ሊትር የሚይዝ የብረት በርሜል በደረቅ የተነፋ አሸዋ ይሞላል፣ አናቱ በወፍራም ጎማ ይሸፈናል፣ መሐሉ ላይ አፈሙዝ የሚገባበት ቀዳዳ ይደረጋል፤ በርሜሉ ወደ ሠራተኛው ትንሽ ዘንበል ይላል። ጠጠሩ በደንብ ይነፋ፤ ጠጠር ጥይትን መልሶ ይወረውራል። ድሬዳዋ ውስጥ አሸዋ ቸገረኝ የሚል ካለ የደቻቱ ወንዝ ይታዘበዋል።

ርክክቡ ሁልጊዜ በሁለት ሰው ይሁን፦ አንዱ ያራግፋል፣ ሌላው ያያል። አፈሙዝ በርሜሉ ውስጥ፣ ጣት ከምላጩ ውጭ። ካዝና ይወጣል፣ ሴፍቲ ይለቀቃል፣ ማቀባበያው እስከ መጨረሻ ተስቦ ይያዛል። የወጣችውን ጥይት በእጅ ለመቅለብ አይሞከርም፣ ትውደቅ። የጥይት መጉረሻው በዓይን ይታያል፣ በትንሽ ጣትም ይዳሰሳል፤ ጨለማ ከሆነ ዓይን ይዋሻል። ተመልካቹም አይቶ «ባዶ» ካለ በኋላ ማቀባበያው ይለቀቃል፣ አፈሙዙ ከበርሜሉ ሳይወጣ ምላጩ አንዴ ይሳባል፣ ሴፍቲ ይዘጋል። ከዚያ ጥይቱ ይቆጠራል፤ በመዝገቡ ላይ የመሣሪያው ቁጥር፣ የጥይቱ ብዛት፣ ሰዓቱና የሁለቱ ፊርማ ይሰፍራል። አንዲት ጥይት ከጎደለች ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ነገሩ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ሁለት ደቂቃ የማይሰጥ ቤት መሣሪያ ባይኖረው ይሻላል።

«መሣሪያ ካለ ዘራፊ ይፈራል» ለሚሉ አንድ ነገር እናስታውስ። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሥራ ቦታዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ሠራተኛ መሣሪያ እንዲይዝ የሚፈቅዱ ቤቶች ከሚከለክሉት ይልቅ ሠራተኛ የሚገደልባቸው የመሆን ዕድላቸው ወደ አምስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ቀድሞውኑ አደጋ ያለባቸው ቤቶች መሣሪያ ይፈቅዳሉ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። ቢሆንም መሣሪያው እነዚያን ቤቶች እንዳላዳናቸው ግልጽ ነው። አገሩም የእኛ አይደለም፣ ሕጉም ሌላ ነው። ባንኮኒ ግን የትም ባንኮኒ ነው።

ወደ ጥበቃው እንምጣ። ጠመንጃ አንግቶ ኩንታል የሚያወርድ፣ ሻይ የሚያመጣ፣ መኪና የሚያጥብ ሰው ጥበቃ አይባልም። ሥራው አንድ ብቻ ይሁን። የሚቆመውም ባንኮኒው አጠገብ ሳይሆን በሩንና መንገዱን በአንድ ጊዜ በሚያይበት፣ ጀርባው ለግድግዳ በሆነበት ቦታ ነው። ፈረቃው ከ8 ሰዓት አይበልጥ። በእኛ ከተማ የሌሊት ጥበቃ በጫት እንደሚነቃ ሁላችን እናውቃለን፤ ሌሊቱን በምርቃና የቆየ ሰው ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጥላ ሁሉ ሰው ይመስለዋል። በፈረቃ ላይ አለመቃም በውሉ ይጻፍ፣ ደመወዙም ይህን ለመጠየቅ የሚያስደፍር ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ 50 ጥይት በፖሊስ ቁጥጥር ስር ያልተኮሰ ሰው መሣሪያ አይረከብ። አንድ ሱቅ ይህን ብቻውን አይችልም፤ እውነት ነው። በአንድ መስመር ያሉ ስምንት አሥር ሱቆች ግን ተዋጥተው ሁለት የሠለጠኑ ጥበቃዎች፣ አንድ የብረት ካዝና እና አንድ በርሜል ሊኖራቸው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዘራፊውን የሚጠራውን ነገር ቀንሱ። ጥሬ ገንዘብ ነው። መሳቢያ ውስጥ ለመልስ ከሚበቃ ብር በላይ አይደር፤ 3,000 ብር ለአብዛኛው ሱቅ ይበቃል። የቀረው ከላይ ስንጥቅ ባለው፣ ወለል ላይ በተበየደ ካዝና ውስጥ ወዲያው ይግባ፤ ቁልፉም ሱቅ ውስጥ አይኑር፣ ይህም በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ፤ የነጋዴ ኮዱን ባንኮኒው ላይ ለጥፉት። ወደ ባንክ የሚሄደው ሰው ሰዓቱንና መንገዱን ይቀያይር፣ ሁለት ሆኖ ይሂድ፣ ጥቁር ፌስታል አያንጠልጥል። መስታወቱ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳይታይ ይጋርዳል፤ በዓይን ከፍታ ያለውን አንሡት። ካሜራ ጣሪያ ላይ የሰቀላችሁ ኮፍያ ብቻ ነው የምትቀርጹት፤ በበሩ መቃን በኩል ሁለት ሜትር ገደማ ላይ አውርዱት። መቅረጫው ከኋላ ተደብቆ በባትሪ ይደገፍ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ሌባም ያውቀዋል።

ስለ ምሽቱ አዘጋግ ለብቻው እንናገር። ሰው ጎንበስ ብሎ የብረቱን መዝጊያ ሲጎትት ጀርባው ለመንገዱ ነው፣ እጁ ሥራ ላይ ነው፣ የቀኑ ገቢም ኪሱ ውስጥ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይቁም፤ ጎረቤታሞች በአንድ ሰዓት ዝጉ፤ ከበሩ በላይ ያለው መብራት መጨረሻ ላይ ይጥፋ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

ዘራፊ ከመጣም ሠራተኛው የሚያደርገውን አስቀድሞ ይወቅ። እጁ ይታይ፣ የሚያደርገውን አፉ ይናገር፦ «መሳቢያውን ልከፍት ነው።» ብሩን ይስጥ። ቁመት፣ ጫማ፣ የንግግር ለዛ፣ የባጃጅ ሰሌዳ በአእምሮ ይያዝ፤ ጫማ ያልነው ሸሚዝ የሚቀይር ሌባ ጫማ ስለማይቀይር ነው። ሲወጡ በሩ ይዘጋ፣ ማንም አይከተል፣ ማንም ዕቃ አይንካ፣ ፖሊስ ይጠራ። የቆሰለ ካለ ቁስሉ ላይ በንጹሕ ጨርቅ በሙሉ ክብደት መጫን ነው። እጅ ወይም እግር ላይ ሆኖ ደሙ እምቢ ካለ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ ታስሮ ደሙ እስኪቆም በእንጨት ይጠምዘዝ፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፣ ሐኪም ሳያይ አይፈታ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ካልመጣ ባጃጅም ቢሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ያደርሳል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ፖሊስ ኮሚሽኑ የንግድ ቤት መሣሪያ ማን፣ በምን ፈቃድ፣ የት ድረስ ይዞ መንቀሳቀስ እንደሚችል በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በአንድ ገጽ ጽፎ በየጣቢያው ይለጥፍልን፤ አሁን ነጋዴው መልስ የሚሰማው ከደላላ ነው። ለፈቃድ ያላቸው ጥበቃዎች የተኩስ መለማመጃ ቀን ይመደብ። ቅኝቱ ሱቅ በሚዘጋበት ሰዓት፣ በቀንም በማታም፣ ይጠናከር። ንግድ ቢሮው ፈቃድ ሲያድስ ስለ መብራት፣ ስለ ካዝናና ስለ በር አንድ ቅጽ ያስሞላ። ሳያውቁም ሆነ ፈርተው ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ሱቃቸው ያስቀመጡ ሰዎች ደግሞ አሉ። ለእነሱ መሣሪያውን ያለ ክስ የሚያስረክቡበት ጊዜና ቦታ ይታወጅላቸው፤ ሲያመጡትም ራሳቸው ለማራገፍ እንዳይሞክሩ፣ ባለሙያ ወደ ሱቁ ሄዶ እንዲረከባቸው ይደረግ።

ከአክብሮት ጋር፣
በድሬዳዋ የንግድ ቤቶች ጥበቃና የመሣሪያ አያያዝ ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች